ለሙህዲን ጣት የሚሆን ድራይቨር

ከሚሴ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2003 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ወንድሜ ኢልያስ፣

ሌላ ጊዜ ስጽፍልህ «እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን» ብዬ ነበር የምጀምረው። ዛሬ እንደዚያ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። አባባ ደህና ናቸው፣ ከብቱም ደህና ነው፣ የጨፋው ማሽላ ዘንድሮ ፍሬ ከብዶት ጎንበስ ብሏል። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ባለቤቴ ሙህዲንም ደህና አይደለም። ማሎ፣ እባክህ ኢልያስ፣ ይሄን ወረቀት ቆመህ እንዳታነበው። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ አንብበህም ኪስህ ውስጥ ከተህ እንዳትረሳው። እኔ አንተን አውቅሃለሁ።

በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ ሰላምታ ሳንጨርስ ስለሚቆረጥ ነው። ደግሞ አባባ ከጎኔ ተቀምጠው ጆሯቸውን አቁመው ምን ልበልህ? ስለዚህ ለሐጅ በሚሄዱት በሼህ እንድሪስ እጅ ልኬልሃለሁ። ጅዳ ሲገቡ ይደውሉልሃል፤ ሲመለሱም የምለምንህን ነገር ይዘውልኝ ይመጣሉ፣ ኢንሻአላህ።

የምለምንህ ይሄ ነው። የላክልን ላፕቶፕ ታችፓዱ አልሠራ ብሏል። ያ ከፊደሎቹ በታች ያለው፣ በጣት የሚዳበሰው። አሁን የተጫነበት ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ ለኤክስፒ የሚሆን የታችፓድ ድራይቨር ፈልግልኝ። እሱ ከጠፋ ሲመጣ የነበረበትን ዊንዶውስ ቪስታ ከነሲዲው ላክልኝ፤ በዐረብኛም ይሁን በምንም ይሁን ግድ የለኝም።

«ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆኚው?» ትለኝ ይሆናል። እዚህም ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለኝ። «ማውስ ግዢለታ!» ኧረ ገዝቼለታለሁ! መዳፉ ሥር አስቀመጥኩለት፤ ጣቱ ከላዩ ተንሸራታ ትወርዳለች። አደጋው የደረሰው አንተ ከሄድክ በኋላ ስለሆነ በዐይንህ አላየኸውም። ከሰንበቴ ገበያ ሲመለስ የተሳፈረበት አይሱዙ ከተገለበጠበት ቀን ጀምሮ ከአንገቱ በታች የቀረችለት የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ብቻ ናት። እሷም ትዳብሳለች እንጂ አትገፋም፣ አትጫንም። ጉሮሮውን ቀደው ቱቦ ስላደረጉለት ድምፅም አይወጣለትም። ጨፋ ሮቢት ላይ ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ቃል ጸጥ ያሰኝ የነበረ መምህር ነው እንዲህ የሆነው።

ያንተ ላፕቶፕ ሲመጣ ነው የተናገረው። ሆዱ ላይ ጣውላ አድርጌ ላፕቶፑን አስቀምጥለታለሁ፤ ፊደሎቹ ስክሪኑ ላይ ይወጣሉ፤ በጣቱ እየዳበሰ ቀስቷን ፊደሉ ላይ ያደርሳትና ነካ ያደርጋል። አንድ አንድ ፊደል እየለቀመ አፋን ኦሮሞውን በቁቤ ይጽፍልኛል። መጀመሪያ የጻፈልኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ፍቅር መስሎህ ይሆናል። «ትራሱ ከፍ ብሏል። ዓመት ሙሉ ከፍ ብሏል።» ወላሂ እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ ዓመት ሙሉ አንገቱን አሳምሜው ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ» ብሎ እንዴት አደርሽ ይለኛል። ወጡ ላይ ጨው ሲበዛብኝ «ዛሬ ጨው በነፃ ነው እንዴ የሚታደለው?» ይላል። ባሌ ተመለሰልኝ አልኩ።

አሁን ደግሞ የሆነውን ልንገርህ፤ ሳቅህ ቢመጣ አልቀየምህም። ዕቃው የዐረብ አገር ዕቃ ስለሆነ የሚወጣበት ጽሑፍ ሁሉ ዐረብኛ ነበር። አማቴ እማ ሀዲጃ ማንበብ አይችሉም፤ የቁርአን ፊደል ግን ሲያዩ ያውቃሉ። ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ጭንቅ ይይዛቸዋል። «ሽንት ባለበት አልጋ ላይ! ልጄ ሳይታጠብ፣ ዉዱእ ሳይኖረው፣ ሆዱ ላይ!» ይላሉ። ሲዘጋ በነጭ ነጠላ ጠቅልለው ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከሰው ራስ በላይ ያስቀምጡታል። «እማ፣ ይሄ እኮ ‹ክፈት› ‹ዝጋ› ነው የሚለው» ብላቸው፣ «ፊደሉ ያው ፊደሉ ነው» ይሉኛል።

አንድ እሑድ እኔ ሰንበቴ ገበያ ወርጄ ሳለ ላፕቶፑን በነጠላቸው አዝለው መናኸሪያው አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ቤት ወሰዱት። ቃሲም የሚባለውን ባለቤቱን «ዐረብኛውን አውጣልኝ» አሉት። ቃሲም ዐረብኛ ስለማያነብ ቋንቋው ከየት እንደሚቀየር ማግኘት አልቻለም። እጁ ላይ ያለው ደግሞ አንድ የኤክስፒ ሲዲ ነው። የነበረውን ሁሉ አጠፋና እሱን ጫነላቸው፤ እኚህን የመሰሉ ሴትዮ ደስ ይበላቸው ብሎ ነው። ማታ ስገባ እማ ሀዲጃ በር ላይ ጠበቁኝ፤ ፊታቸው በርቶ «ልጄ፣ ጠራልን!» አሉኝ።

ሆዱ ላይ አደረግኩለት። ጣቱ ሄደች፤ ቀስቷ አልተነቃነቀችም። ደገመ፣ ሰለሰ። ከዚያ ዐይኑን አንስቶ አየኝ። ኢልያስ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮህኩ። ለካ እማ ሀዲጃ ምን እንዳደረጉ እንኳ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ኋላ ሼህ እንድሪስ መጥተው «ሀዲጃ፣ ጅዳ እኮ የሽንት ቤቱም በር የተጻፈበት በዐረብኛ ነው» አሏቸው።

ቃሲም የሚችለውን ሁሉ ሞክሯል፤ እሱን አትርገምብኝ። ድራይቨር ማለት ዊንዶውሱ ዕቃውን የሚያውቅበት ፕሮግራም ነው አለኝ፤ በሲዲው ላይ የለም። ከፍቶ ሲያሳየኝ የታችፓዱ ቦታ ላይ ቢጫ ምልክት ተደቅኗል። የከሚሴ ኢንተርኔት አላወርድ ሲለን ላፕቶፑን ይዤ ኮምቦልቻ ሄድኩ። የሠሪው ድርጅት ገጽ ላይ ለዚህ ዓይነት ላፕቶፕ የተቀመጠው የቪስታ ብቻ ነው፤ በኤክስፒ በኩል ባዶ ነው። «እስቲ ግድ የለም» ብለን የቪስታውን አወረድን፤ ለዚህ ዊንዶውስ አልሆንም አለ። ከሌላ ገጽ ለኤክስፒ ነው የተባለ አገኘን። ተጫነ፣ «ዘግታችሁ ክፈቱ» አለ፤ ዘጋን፣ ከፈትን፤ ቢጫው ምልክት እዚያው ተቀምጧል። ሦስተኛው ቫይረስ ብቻ ይዞ መጣ። ደሴ ደውዬ የቪስታ ሲዲ ብጠይቅ ሳቁብኝ፤ ቪስታን ማን ያስቀምጣል አሉኝ። ያ ረቢ፣ በዚህ ሁሉ አገር አንዲት ሲዲ ትጥፋ?

በዚህ መሐል ነው አባባ የመጡት። ክፉ ናቸው አልልህም፤ ስለኔ እንቅልፍ አጥተዋል። «ልጄ ወልዳ ሳትስም በአስታማሚነት ልታረጅ ነው፤ ሙህዲን ራሱ ይፍታትና በሰላም ልውሰዳት» ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ። ሼህ እንድሪስ መሐል ተቀመጡ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ቆሜአለሁ።

«ሙህዲን፣ ከፈታሃት ጣትህን አንሳ» አሉት። ጣቱ ተነሳች። አባባ «ይኸው!» አሉ። ሼሁ ቀጥለው «ካልፈታሃትስ ጣትህን አንሳ» አሉት። አሁንም ተነሳች። ኢልያስ፣ ያቺ ጣት ሲደክማት በራሷ ትንቀጠቀጣለች፤ ፈቃዱ አይደለም። «እንግዲያው በዐይንህ መልስልን» ቢሉት ዐይኑን ጨፈነ። ሽማግሎቹ እስኪወጡ ድረስ አልከፈተውም።

ሼህ እንድሪስ ጫማቸውን እያደረጉ «እኔ በሚንቀጠቀጥ ጣት ትዳር አላፈርስም» አሉ። «ቃሉን ራሱ ይጻፈው። ቆዪ ካላት ትቆያለች፤ ፈታኋት ካለም ያኔ አባቷ ይውሰዳት። ከሐጅ ስመለስ እንሰማዋለን።» አባባም እሺ አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው የቆመው። ዳኛውም፣ ይሄን ደብዳቤ የሚያደርሱልህም፣ ሲዲውን የሚያመጡልኝም እሳቸው ናቸው፤ አላህ ሲያመጣው እንዲህ ነው።

ለመጻፍ ወረቀት ሳወጣ እማ ሀዲጃ አዩኝና እጄን ያዙኝ። «ኢልሃም፣ ማሎ፣ ለወንድምሽ አትጻፊ» አሉኝ። «ምነው እማ?» አልኳቸው። «ይቅር፣ ተበላሽቶ ይቅር። ልጄ ዝም እስካለ ሼሁ አይፈርዱም። አንቺም አትሄጂብኝም።» ጉልበቴ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! እውነታቸውን ነው አልኩ። ዝም ካለ ማንም ከዚህ ቤት አያወጣኝም። ወረቀቱን መልሼ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ሙህዲን ከጠዋት ጀምሮ እያየኝ ነው፤ ዐይኑ ተጎልጉሎ ሊወጣ ደርሷል። ውሃ ነው? አልኩት፤ በዐይኑ አይደለም አለኝ። ገለበጥኩት፤ አይደለም። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ትራሱን ዝቅ አደረግኩ። እንባው በጆሮው ላይ ይወርዳል፤ እኔም እንደ እብድ ቤቱን እዞራለሁ። የዙሁር ሶላት ሰዓት አለፈ። አሱር ላይ ሸሚዙን ልቀይርለት አንገቱን ቀና ሳደርገው ከጆሮው ኋላ ጉንዳን ተሰልፎበታል፤ ቆዳው በልዞ ተነድሏል። ቀኑን ሙሉ እየበሉት «ጉንዳን» የምትል አንዲት ቃል የሚናገርበት አጥቶ! ኡኡ አልኩ። ለቅሜ ጨርሼ፣ አጥቤው፣ ቀጥታ ሄጄ ወረቀቱን አወጣሁ። እማ ሀዲጃም አዩኝ፤ ዛሬ ግን እጄን አልያዙኝም።

ስለዚህ ቶሎ በል። ከላፕቶፑ ሥር የተለጠፈውን ስምና ቁጥር በሌላ ወረቀት ገልብጬ አብሬ አድርጌልሃለሁ፤ አንድም ፊደል እንዳትስት። ለኤክስፒ የሚል መሆኑን ሁለቴ እይ። ባለሙያ ጠይቅ፣ አንተ በልምድ እንዳትገምት። ሁለት ሲዲ ላይ አስገልብጠው፤ አንዱ ቢፋቅ ሌላው ይኖራል። ፍላሽም ላይ አድርገው። ቪስታውንም ካገኘህ ጨምርልኝ። ሼሁ ዕቃ ይበዛባቸዋል ብለህ አትዘንላቸው፤ የዘምዘም ውሃ የሚሸከሙ ሰውዬ ሲዲ አይከብዳቸውም።

አንድ ነገር ደብቄህ ልጨርስ ነበር፤ አልችልም። ሰው ሁሉ «ጻፍ ቢሉት ቆዪ ይለኛል» ብዬ ተስፋ ያደረግሁ ይመስለዋል። እኔ ግን ምን እንደሚጽፍ አውቃለሁ። ያን እሑድ ወደ ሰንበቴ ልወርድ ስል ከበር መልሶ በዐይኑ ጠራኝ። «ኡሙሪን ኬ ሜቃ?» ብሎ ጻፈ፤ ዕድሜሽ ስንት ነው ማለቱ ነው። እኔም ቸኩዬ ነበርና «አንተ አይደለህ እንዴ የሒሳብ መምህሩ? አስላዋ!» አልኩት። ጣቱ ቀስ እያለች ሄደች። «አስልቼዋለሁ» አለኝ። ለመውለድ የቀረኝን ዘመን ነው ያሰላው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልጻፈም። ሽማግሎቹ ፊት ዐይኑን የጨፈነውም እኔ ከመጋረጃው ወዲያ መቆሜን አውቆ፣ እየሰማሁ «ፈታኋት» ማለት ከብዶት ነው።

ላክልኝ፣ ወንድሜ። ‹ሂጂ› ብሎ የሚጽፍበትም ቢሆን ላክልኝ። ሂጂ ካለኝ በኋላ ያለውን እኔና እሱ እንጣላበታለን፤ ስንጣላ ግን አፍ ያለው ሰው ነው የምፈልገው፣ ዝም ያለ ሰው ላይ መጮህ ሰልችቶኛል።

አላህ በሰው አገር ከክፉ ዐይን ይሰውርህ፤ እንጀራህን ያብዛልህ፤ መካ ሄደህ ሐረም ስትገባ ለሙህዲን ዱአ አድርግለት፣ ስሙን ከነእናቱ ጥራው። አባባ ሰላም ብለውሃል። እማ ሀዲጃም ከጎኔ ተቀምጠው «ድራይቨሩን በነጠላ ጠቅልሎ ይላከው፣ እንዳይሰበር» በይልኝ ብለዋል።

እህትህ፣
የሙህዲን ሚስት፣
ኢልሃም