ወንበሬን ስለወሰደችው ፊቤ

ለተከበሩ አቶ ታፈሰ
የአይቮሪ ፓርክ ባለሱቆች መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር

ግልባጭ፦ በዚህ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚያነብ የማኅበሩ አባል ሁሉ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን እንዳመመዎት ሰምቼ በጸሎቴ አስቤዎታለሁ። የእኔን ጤና የጠየቀኝ ባይኖርም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ ዕቃ ለማምጣት በማኅበሩ የጭነት መኪና በባኪው ወደ ታውን ገበያ ስመላለስ እንዳልደክም፣ ለሱቄ የሚያስፈልገኝን በዋትስአፕ ብቻ እንድልክ ስለወሰኑልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ደክሞኛል ብዬ የነገርኩት ሰው አልነበረም፤ መሪ ማለት ግን ያልተነገረውን የሚሰማ ነው።

በእኔ ፈንታ በባኪው የፊት መስታወት ላይ ያስለጠፏትን የራዳር ጠቋሚ መሣሪያ ሾፌራችን ማናሴ ፊቤ ብሎ እንደሰየማት አባላት ታውቃላችሁ። ባለቤቴ አጵሎስ ካረፈ ጀምሮ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ካሜራ ያለበትን ድልድይና ፖሊስ የሚደበቅበትን ዛፍ ስጠቁም ኖሬአለሁ። ለእኔ የወጣልኝ ስም ግን «እትዬ ቀስ» የሚል ነው፤ እሱም ለመሳቂያ። ቅናት ኃጢአት መሆኑን ስለማውቅ አልቀናሁም። የሚከተለውን የምጽፈው ለእውቀት ያህል ነው።

አንደኛ፣ መሣሪያዋ እንዴት እንደምትሠራ ያስረዳን ስለሌለ ራሴ አንብቤአለሁ። የፖሊሱ ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል፤ ሞገዱ መኪናችንን መትቶ ሲመለስ እንደ ፍጥነታችን መጠን ተለውጦ ስለሚመለስ ምን ያህል እንደምንሮጥ ይታወቃል። ፊቤ በበኩሏ ምንም አትልክም፤ እንደ ሬዲዮ ጆሮዋን ሰጥታ ትጠብቃለች፣ ሞገዱ ከሩቅ ሲነካትም ፖሊሱ እኛን ሳይለካ ቀድማ ትጮኻለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ፊት ሆኖ አስቀድሞ መናገር። ይህን ሥራ ማን ሲሠራው እንደነበር እርስዎን ለማስታወስ አልደፍርም።

ሁለተኛ፣ የመረጧት እርስዎ ነዎትና ስለ ምርጫዎ ላመስግንዎት። ጥሩ ጠቋሚ የምትመረጠው ከሩቅ በመስማቷ ብቻ ሳይሆን ያለ ነገሩ ባለመጮኋም እንደሆነ አንብቤአለሁ። በራሱ የሚከፈት የሞል በርም ተመሳሳይ ሞገድ ስለሚለቅ፣ የእኛዋ በሞል አጠገብ ባለፍን ቁጥር አገር የጠፋ ይመስል ትጮኻለች፤ ማናሴም «አይዞሽ ፊቤዬ» ይላታል። እኔ አንድ ቀን የቆመ የውኃ ታንከር ፖሊስ መስሎኝ በተሳሳትኩ ጊዜ ግን ወሬው ቴምቢሳ ደርሶ ተስቆብኛል። በብርሃን ጨረር የሚለካው መሣሪያ ሲያጋጥማት የምትናገረው ብዙውን ጊዜ ከተለካን በኋላ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ታርጋ አንብቦ በመሐል የፈጀነውን ጊዜ የሚያሰላውን ካሜራማ ጭራሽ አትሰማውም። ያም ሆኖ ማናሴ ጠዋት ጠዋት በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላታል። በዚያው መስታወት በኩል ፀሐይ ዓይኔን ስታጠፋኝ ጨርቅ ያቀበለኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

ሦስተኛ፣ ይህኛውን አጭር ላድርገው። ፊቤ ፖሊስ የት እንዳለ እንጂ መንገዱ ላይ ምን እንዳለ አታውቅም፤ እሷ ዝም ስትል ማናሴ እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ይነዳል። እኔም ድሮ ለአጵሎስ የምጠቁመው ፖሊስን ብቻ ነበር። በዚያን ቀን ኦሬንጅ ፋርም መንገድ ላይ ፖሊስ አልነበረም፤ «የለም፣ ንዳው» ያልኩትም እውነቴን ነበር። ከዚያ መንገድ የተመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ካርቶን በጋሪ ስለሚጎትተው ሰው፣ ኳስ ተከትሎ ስለሚወጣው ሕፃን፣ መብራት ሳያበራ ስለቆመው ታክሲ እናገራለሁ። ቀስ የምለው ለዚህ ነው። ማናሴ እንደ እሷ «አይዞሽ» ቢለኝ ባይለኝ፣ ሚስቱ እምነት ማታ በሩን ከፍታ እንድታስገባው እፈልጋለሁ።

አራተኛ፣ የዚህ አገር ሕግ እንዲህ ያለ መሣሪያ በመኪና ውስጥ መያዝን ይከለክላል። እርስዎ የማኅበሩን ደንብ በቃልዎ የሚወጡ ሰው ስለሆኑ ይህን ሳያውቁ ገዙ ብዬ ስምዎን አላጠፋም። ባለፈው ሐሙስ ሚድራንድ አጠገብ ፖሊሶች መንገድ ዘግተው መኪና ሲፈትሹ ፊቤ ትንፍሽ አላለችም፤ ራዳር ስላልያዙ አልፈርድባትም። ማናሴ ከኋላ ወርዶ ሸራውን ሲፈታላቸው አንዲት ፖሊስ ወደ ፊት መጥታ ባዶውን መስታወት አየች፣ «ሳውቦና ማማ» ብላ ሰላምታ ሰጠችኝ፣ አሰናበተችንም። አሁን እንደሰማሁት ማናሴ ፊቤን ፖሊሶች ወሰዱብኝ ብሎ ምግብ አልበላ ብሏል፤ እርስዎም ሌላ ሊገዙለት አስበዋል። ለሾፌራችን ያለዎት ርኅራኄ ልቤን ነክቶታል። የሟች ሚስት ስሆን ያልደረሰኝን ማጽናኛ መሣሪያ ለጠፋበት ሰው ሲደርሰው በማየቴ ደስ ብሎኛል።

ክቡርነትዎ ለዚህች ደብዳቤ ጊዜ ስለሰጡ እያመሰገንኩ፣ ወገብዎን ጌታ እንዲፈውስልዎ፣ ዓይንዎንም አብሮ እንዲያበራልዎ የምትለምን፣

ባትሪም ቻርጅም የማትጠይቀው እህትዎ
በለጥሽ

ማሳሰቢያ፦ ፊቤን ፖሊስ አልወሰዳትም። ከመስታወቱ ላይ የነቀልኳት እኔ ነኝ፤ ፖሊሷ ሰላም ስትለኝ በቦርሳዬ ውስጥ ከመዝሙር መጽሐፌ ሥር ተኝታ ነበር። አሁንም ቤቴ በጨርቅ ተጠቅልላ በደህና አለች። ንብረቴ ናት የሚል ሰው ከዚህ በታች በተውኩት ባዶ ቦታ ላይ ሙሉ ስሙን ጽፎና ፈርሞ በክብር ይረከበኝ። ባለቤቷ እስኪገኝ ድረስ ግን ሐሙስ ጠዋት ወንበሬ ላይ ነኝ።