ከዳቦ ቤቱ እስከ ቤታችን

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ሁላችን ደህና ነን። የአባባ መኪና ቁልፍ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

አባባ ቅዳሜ ብቻውን እየነዳ አንተ ዘንድ ለመምጣት ቆርጧል። መንገዱን ትናንት ስልኩ ላይ ከኢንተርኔት አወጣ፤ ዘጠኝ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ቦታ ነዳጅ፣ አንድ አዳር። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነውና ስልኩ ውስጥ መንገድ ከምትመራው የሴት ድምፅ ጋር ሲከራከር ዋለ። "ይቺ ልጅ ዳገቱን ወጥታው ታውቃለች?" ይላል። እማማ በሳቅ ፈረሰች።

ዛሬ ጠዋት መንገዱን ወረቀት ላይ ልገለብጥለት ስልኩን ስከፍት፣ ከዚህ በፊት የፈለጋቸው መንገዶች ከሥር ተደርድረው አየሁ። ከዳቦ ቤቱ እስከ ቤታችን ይላል፤ በዚህ ወር ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ። ዳቦ ቤቱ እንደምታውቀው ከበራችን ላይ ይታያል። ክው ብዬ ቀረሁ፤ የያዝኩትንም እስክሪብቶ የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ስጠይቀው ቀና ብሎ አላየኝም። ስልኩን እየጠቆመ፣ "አዲስ ረዳት የሚፈተነው በሚያውቁት መንገድ ነው" አለኝ። ሹፌሮች በእርግጥም እንዲያ ያደርጋሉ። እማማ ግን ሳትስቅ፣ "ዳቦው ቀዝቅዞ የሚመጣው ለዚህ ነው?" አለች።

እማማ ጉንጭህን ትስማለች፤ በደህና ያገናኘን። አንተ መጥተህ አብረኸው ትነዳ እንደሆነ፣ ወይም እኔው እንደምንም ላስቀረው እንደሆነ ወስነህ ጠብቀኝ። ሐሙስ ማታ እደውልልሃለሁ።

እህትህ