አየር ላይ የተሳለው ቴሌቪዥን

ታኅሣሥ 27፣ 2014

ቢስሚላህ። እኔ ሀያ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ወንጀለኛ፣ ሰማይና ምድር ይስሙኝ ብዬ ከባዱን ጥፋቴን እናዘዛለሁ፦ ዛሬ መስጊድ ግቢ ሽማግሌዎች ስለ አማና፣ ስለ ሰው አደራ ሲመክሩን ከጅልባቤ ስር የወንድሜን የአርሰናል ማሊያ ለብሼ ነበር። አልቆጨኝም። የሚቆጨኝ ቁጭ ብዬ መስማቴ ነው።

ሰብሳቢው ጋሽ አብዱልሰመድ። ማን ሊሆን! ሐይቅ ከተማ ውስጥ ድመትና አይጥ ቢጣሉ መሐል የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ከዘራቸውን ተከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ... ጠረጉ... ጠርገው ሳይጨርሱ ሌላ ጦርነት ይመጣል ብዬ ፈራሁ።

በጦርነቱ ተዋጊዎቹ ከተማችን ሲገቡ ሁላችንም ሸሽተን ወጣን። እኛ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ዘመድ ቤት ከረምን። ስንመለስ ከተማው ተራቁቷል። ግማሹን እነሱ ወሰዱት። ግማሹን የራሳችን ሰው።

እና ውሳኔው? የሰው ዕቃ ያለበት ከኢሻ ሶላት በኋላ መስጊዱ አጥር ስር ያስቀምጥ፣ ክርስቲያኑም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ። መብራት ይጥፋ። ማንም አይይ፣ ማንም አይጠይቅ። "አላህ የሸፈነውን እኛ አንገልጥም" አሉ። ሌባ እንዳያፍር እኛ ዓይናችንን እንጨፍንለት!

"የእኔም ቴሌቪዥን ሄዷል። ግድግዳ ነው የቀረኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ተቀምጫለሁ።" ጋሼ ይህን ሲሉ ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ።

ወንድሜ ማህዲ አልመጠጠም። ሳዑዲ በረሃ የሰው በግ ጠብቆ ነው ኳስ የምናሳይባትን ዲኤስቲቪ ቤት የከፈታት። አሁን የቀረችው የቴሌቪዥኑ ማንጠልጠያ ብረት ናት። እሷን ሲያይ ይውላል።

ታኅሣሥ 29

ገና። እትዬ አገሬ በዓሉን በተውሶ ማሰሮ ዋሉ። ጠላ ቤታቸው ከማህዲ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ጋኖቻቸውን አንድ ሳይቀር ሰብረውባቸዋል። እንኳን አደረሰዎ ብላቸው "ማንን?" አሉኝ።

አጥሩ ስር እስካሁን የተገኘው ፍራሽ፣ የትምህርት ቤት ወንበር፣ የሰው በር፣ አንድ እግር ጫማ። አንድ እግር ብቻ የሚሰርቅ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ቴሌቪዥን የለም።

ጥር 1

ዋልያዎቹ ዛሬ ተጫወቱ። የአፍሪካ ዋንጫ! ድሮ ቢሆን... እስላሙ ለስላሳውን፣ ክርስቲያኑ የእትዬ አገሬን ጠላ ይዞ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተጠባብቆ፣ አንድ ላይ ሲጮህ ጣሪያው ይነሳል። እኔ ባንኮኒ ውስጥ ነኝ። ለስሙ ለስላሳ ሻጭ፣ በልቤ ደጋፊ። ጋሽ አብዱልሰመድ ሲያልፉ በሩን በከዘራ ይደበድባሉ። "የሸይጧን ሐድራ፣ የሸይጧን መሰብሰቢያ! መዓቱን የሚጠራብን ይኼ ኳሳችሁ ነው!" እኔ ደግሞ ከውስጥ "ጋሼ፣ ስንት ለስንት ነን?" ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ሲናደዱ ጺማቸው ብቻውን ይንቀሳቀሳል።

ዛሬ ግን ደጋፊዎቹ እግራቸው ለምዶ ነው መሰለኝ፣ በተዘጋው በራችን ፊት ተሰበሰቡ። አንዱ የስልኩን ራዲዮ ከፈተ። ገና በጊዜ አንዱ በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ልጅ ቀረን። ተሸነፍን። ዳኛውን እንኳ የሰደበ የለም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ሁሉም ሲበተን ማህዲ "ሐሙስ ጠዋት እወጣለሁ" አለኝ።

"ወዴት?"

"በበፊቱ መንገድ።"

ወደ ሳዑዲ፣ በአፋር በረሃ። በጀልባ። አንዴ ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር፤ "ጀልባው ላይ..." ሲል ድምፁ አነሰ፣ አነሰ፣ ጠፋ። እስከ ዛሬ አልጨረሰውም።

"እማ ታውቃለች?"

"አንቺም አታውቂም።"

"ለአንድ ቴሌቪዥን ብለህ?"

"ለአንድ ቴሌቪዥን ብዬ ስንት ዓመት በግ ስጠብቅ የት ነበርሽ?"

አጥሩ ስር የተቀመጠውን ጫማ አንስቼ በሆነ ሰው ላይ መወርወር አማረኝ። በማን ላይ እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።

ጥር 3

ሁለት ባጃጅ ነጂዎች እትዬ አገሬ ደጅ ተጋጭተው ጋሽ አብዱልሰመድ ሊያስታርቁ ተቀመጡ። አንዱ "ፍሬን ይዣለሁ" ይላል፣ ሌላው "ዋሽቷል" ይላል። ጩኸት። ጋሼ ብድግ አሉ፣ ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ፣ ሁለት ጣቶቻቸውን አውጥተው አየር ላይ አራት ማዕዘን ሳሉ። "ቆይ! ቆይ! ነገሩ እንደገና ይታይ!"

ሰው ሳቀ። እኔ ጣቶቻቸው ላይ አፈጠጥኩ።

ይኼ እኮ የዳኛ ምልክት ነው! በቴሌቪዥን ደግሜ ልይ ሲል የሚያደርገው። ራዲዮ ጣት አያሳይም። ኳስ ሸይጧን ነው የሚሉ፣ ግድግዳ ብቻ የቀራቸው ሰውዬ... የት አዩት?

"አዩ?" አልኳቸው እትዬ አገሬን።

"እኔ ምንም አላየሁ" አሉ ጣሳቸውን እያጠቡ። "ማንም አይይ ተብሏል አይደል? አንቺ ግን ልጅ ነሽ፣ ዓይንሽ ደህና ነው።"

ጥር 4

ይኼን ሳልጽፍ አልተኛም።

ጋሽ አብዱልሰመድ ቤት ሄድኩ። "እማ ሰላም ብላለች" ብዬ፣ ግቢ ሳይሉኝ ገባሁ። ጓዳ ግድግዳ ላይ የአልጋ ያህል ነገር በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ብርድ ልብሱን ጎተትኩት። የእኛ ቴሌቪዥን! ጥጉ ላይ በጥፍር ቀለም የሳልኳት ቀይ መድፍ። የአርሰናል መድፍ ናት፤ ማህዲ አህያ ነው የሚላት።

"አማና ነው!" አሉ። "ከእናንተ ቀድሜ ስመለስ በሩ ተሰብሮ አየሁ። ሌላ ሳይወስደው ብዬ ከእህቴ ልጅ ጋር አነሳሁት።"

"እኛ ስንመለስስ?"

"ነገ ዛሬ ስል ሰብሳቢ አደረጉኝ። ሰብሳቢው ራሱ ዕቃ ይዞ ይታይ? በጨለማ እንዳልወስደው ብቻዬን አልችለውም፤ የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ሄዷል። ሌላ ሰው ብጠራ ያው ታየሁ።"

ማንም አይይ ያሉት ሰውዬ ተሸካሚ አጡ!

"ኳሱስ፣ ጋሼ?"

ጺማቸው ተንቀሳቀሰ። "መካን ልይ ብዬ ነበር የከፈትኩት... ኳስ መጣ።"

ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር።

"ማህዲ ነገ ሊሄድ ነው። በጀልባ።"

ቁጭ አሉ። አያውቁም ነበር። ወላሂ አያውቁም ነበር... ይኼ ነው የባሰ ያናደደኝ። ማንም አይጠይቅ ካሉ በኋላ እንዴት ይወቁ?

"ዛሬ ከኢሻ በኋላ" አሉ። "አንቺ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ..."

"በጨለማ አይሆንም። ነገ ጠዋት፣ በአስፓልቱ።"

"ሀያ፣ ልጄ፣ ስሜን..."

"ስምዎ ባሕር ውስጥ አይሰምጥም!"

ጮህኩባቸው። በሽማግሌ ላይ! ደስ አለኝ። ቤት ስደርስ ደግሞ አለቀስኩ።

ጥር 5

ይቀራሉ ብዬ ነበር። በራቸው ላይ ጫማቸውን አድርገው ቆመው አገኘኋቸው።

ተሸከምን። በየደቂቃው "ቆይ፣ ትንፋሽ..." ይላሉ። ባጃጆች ቆሙ። ሰው ከበበን። "ምንድን ነው ጋሼ?"

"የማህዲ ነው። እኔ ዘንድ ነበር።"

እሺ፣ አሁን ይጠየቃሉ አልኩ። ሰው ምን አለ? "አላህ ይስጥዎ! ከዘራፊ አድነውለት!" ዱአ! እጃቸውን ሊስሙ ተሻሙ! እስካሁን ለምን ዝም አሉ ያለ አንድ ሰው የለም። ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፣ አዩኝ... ዘጉት። ያን ጊዜ የያዝኩትን ጫፍ እግራቸው ላይ ብለቀው ወንጀል ይሆን ነበር?

ማህዲ ሻንጣውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል። ቴሌቪዥኑን አየ። ጋሼን አየ። ገባው። ፊቱ ላይ አየሁት።

"ንገራቸው" አልኩት።

"ማንም አይጠይቅ ተብሏል" አለ። ሻንጣውን ባንኮኒው ስር ወረወረው። አልከፈተውም። ሊያሻግረው የነበረው ደላላ ስልኩ ላይ ሲደውል ዋለ።

ጥር 9

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ዋልያ ከቡርኪና ፋሶ። አሁን ዕረፍት ነው፤ ባንኮኒው ላይ ነው የምጽፈው። እየተመራን ነው። ቤቱ ግን ሞልቷል። እትዬ አገሬ የመጀመሪያውን ጠላ ጥለዋል፣ "ገና ቀጭን ነው፣ እንደ ዋልያ ተከላካይ" ይላሉ። ማህዲ በየቀኑ ከሻንጣው አንዳንድ ልብስ ያወጣል። ዛሬ ገልብጦ አራገፈው። "ማሊያዬስ?" አለ። ከጅልባቤ ስር ነው፣ ምን ልበለው?

ጋሽ አብዱልሰመድ መጥተዋል። ከኋላ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። ሰላም አላልኳቸውም።

ከዕረፍት በፊት ልጃችን ወደቀ። ዳኛው ዝም አለ። ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ነው። ከኋላ አንድ ሰው ብድግ አለ፣ ጋቢው ወደቀ፣ ሁለት ጣቶች አየር ላይ... "እንደገና ይታይ!"

ሳቅ። ከዚያ ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ እየቀነሰ ሄደ። አንዱ ዞር አለ፣ ሌላውም። ቴሌቪዥኑን አዩ፣ ጣቶቹን አዩ።

"ጋሼ፣ ይቺን የት ተማሯት?" ከባጃጅ ነጂዎቹ አንዱ ነው።

ጣቶቻቸው አልወረዱም። ማህዲ ድምፁን ቀነሰ። የቴሌቪዥኑን ማለቴ ነው።

"እዚሁ ቴሌቪዥን ላይ" አሉ። "ላድነው ብዬ አነሳሁት። እያየሁት አስቀረሁት። ዱአችሁን መልሳችሁ ውሰዱት።"

ማንም ከንፈሩን አልመጠጠም። ማንም አልሰደበም። ማህዲ ብቻ ለስላሳ ከፍቶ ወሰደላቸው፣ ፊታቸው አስቀመጠው፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። ይቅርታ ነው? አይመስለኝም። እኔ እንኳ ገና ተናድጃለሁ። ሻንጣው ግን ባዶውን ነው።

ጋሼ ለስላሳውን አልነኩትም። ዓይናቸው ወደ ባንኮኒው ነው። ወደ ደብተሬ። ተነሱ እንዴ? ከዘራው እየመጣ ነው፣ ጺማቸው ብቻውን መንቀሳቀስ ጀምሯል...

"ሀያ! ስንት ለስንት ነን?"