እጄን ከኋላዬ አጣምሬ

ሰኞ

ስድስት ዓይነ ስውር ተማሪዎች። ለእኔ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግንቡ በር ላይ ቆሜ የአስጎብኚነት ተራ ስለምን «ዲፕሎማ የለሽም» ስባል ኖሬ፣ ዛሬ ማንም ያልፈለገው እንግዳ ሲመጣ «የሺ የት አለች?» ተባለ።

የጠሩኝ የአስጎብኚዎቹ ሰብሳቢ አያ ሙሉነህ ናቸው። ከእኔ በፊት ሁሉንም ጠይቀዋል። አንዱ አሞኛል አለ፣ አንዱ እንፍራንዝ ለቅሶ አለብኝ አለ። ባለ ዲፕሎማው ታደለ ግን ፊት ለፊቴ ሳቀ።

«ለማያይ ሰው ግንብ ምኑን ታሳዪዋለሽ?»

«አንተ ለሚያየውስ ምን አሳየኸው?» አልኩት።

አያ ሙሉነህ ሁሉም እየሰማ እንዲህ አሉ፦ ሐሙስ ይመጣሉ፤ መምህራቸው ጥሩ ሠርታለች ብሎ ከመሰከረልሽ ስምሽ የተራ መዝገቡ ላይ ይገባል፤ ካልመሰከረ ዳግመኛ በሩ ላይ እንዳላይሽ።

እንግሊዝኛውን ከፈረንጅ አፍ፣ ታሪኩን ከሽማግሌ አፍ ለቅሜ ነው የተማርኩት። እሱ አያስፈራኝም። ያስፈራኝ ወደ ቤቴ፣ ወደ ቁስቋም፣ ስወጣ ነው። ንግግሬን ለራሴ እየተለማመድኩ እጄን አየሁት። ግንቡ እንዲህ ነው፣ በሩ እንዲህ ይልና እንዲህ ይመለሳል... ግማሹን የሚያወራው እጄ ነው! ለማያይ ሰው «እንዲህ» ምንድን ነው?

ማክሰኞ

እማን ቁጭ አደረግኋት። ዓይኗን በነጠላ ሸፈንኩ፣ እጇ ላይ እርጥብ ጭቃ አኖርኩ። እኔ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ እናገራለሁ፣ እሷ የሰማችውን ትሠራለች።

«ክብ ነው» አልኳት። ጠፍጥፋ ቂጣ አወጣች።

«ምነው እማ! የግንቡ ማማ ቂጣ ነው እንዴ?»

«ክብ አልሽኝ፣ ክብ ሠራሁ። ድቡልቡል ብትዪኝ ኳስ አደርገው ነበር። አፍሽ ይሮጣል እንጂ መች ያያል።»

ተናደድኩ። ከዚያ ደብተር አወጣሁ፣ ምክንያቱም ልክ ናት።

ክብ፦ ብቻውን አይበቃም። ጠፍጣፋም ይሆናል፣ እንደ ቀለበት ውስጡ ባዶም ይሆናል።

ማማው፦ ክብ ሆኖ ወደ ላይ የቆመ። እንደ በርሜል።

ድቡልቡል፦ በየት በኩል ብትነካው ያው የሆነ። የወንዝ አሎሎ።

ሞላላ፦ ክብ ነበር፣ ግን አንድ ሰው ጎትቶታል።

ጎድጓዳ እና ጉብ ያለ፦ እዚህ ተጣላን። እማ «አንድ ናቸው» አለች። ቅል ሰንጥቃ ሰጠችኝ፤ በውስጥ ጎድጓዳ፣ በውጭ ጉብ። አንድ ናቸው ለካ፣ ልዩነቱ እጅሽ ከየት በኩል እንደመጣ ነው እንጂ።

ቆልማማ፦ የበሬ ቀንድ።

ደጋን፦ የበሩ አናት። ማጭድ ይዤ እሄዳለሁ። ጥርሱን በጨርቅ ልጠቅልለው።

ጠመዝማዛ፦ ደረጃው። ለዚህ ዕቃ አጣሁ።

ረቡዕ

የትልቁ ግንብ አናት እንቁላል ይመስላል እያልኩ ነው የኖርኩት፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ስለዚህ እንቁላል ያስፈልገኛል። በሁዳዴ ጾም!

ባለሱቁ ዓይኑን አፈጠጠ። «ልበላው አይደለም፣ ላስነካው ነው» አልኩት። ጭራሽ ባሰ። ቀትር ሳይሆን ሰፈሩ ሁሉ የየሺን እንቁላል ወሬ ሰማ።

እማ ስትቀቅለው ፊቷን አዙራ ነው። «የንስሐ አባታችን ሲሰሙ አንቺው አስረጂ» አለች። ሰምተው ነበር። መንገድ ላይ አቆሙኝ፣ ቦርሳዬን ከፍቼ አሳየኋቸው፦ አሎሎ፣ ቅል፣ ቀንድ፣ ማጭድ፣ እንቁላል። ቀንዱን አገላብጠው አዩት።

«መንካቱ ጾም አይሽርም፣ መመኘቱ ነው እንጂ» አሉ። «እማ ፊቷን ያዞረችው ለዚያ ነዋ!» አልኳቸው። ሳቁ። ተመስገን፣ አንድ ሰው ሳቀልኝ።

ሐሙስ

መምህሩም ዓይነ ስውር ነው። ይሄን ማንም አልነገረኝም። ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ፣ ወፍራም ወረቀት ላይ በብረት ጫፍ ጠቅ ጠቅ እያደረገ በብሬል ይጽፋል። ከጀመርን እስክንጨርስ ጠቅ ጠቅ። ስለ እኔ ምን እየወጋ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ማማው ሸጋ ሆነ። ስድስቱን እጅ ለእጅ አያያዝኩና ግድግዳው ላይ ለጠፍኳቸው። ጥጉን ሲፈልጉ አጡት። «ጥግ የለውም!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ደረጃውን ደግሞ በእግራቸው አወቁት፤ ዕቃ አላስፈለገም። «ወደ ቀኝ እየወሰደን ወደ ላይ ጣለን» አሉ። ከእኔ ይሻላሉ።

በሩ ጋ ስደርስ አበላሸሁ። ወሬዬ ሞቆልኝ «ያው ከላይ እንዲህ ብሎ...» አልኩ፣ እጄን አየር ላይ እያወዛወዝኩ። እናና የምትባል ቀጭን ልጅ፦

«እትዬ፣ እንዲህ እንዴት ነው?»

ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ፊቴ ነደደ። ማጭዱን ረስቼው እናናንና ጓደኛዋን ፊት ለፊት አቆምኳቸው፣ እጃቸውን ወደ ላይ አስዘርግቼ ጣት ለጣት አገናኘሁ። ሌሎቹ ከሥራቸው አለፉ፣ አናቱን እየዳበሱ። «እንግዲህ በሩ እናንተ ናችሁ» አልኳቸው። መውጣት እምቢ አሉ፣ ሦስት ጊዜ ተመላለሱበት።

ከዚያ «የግንቡ አናት ይህን ይመስላል» ብዬ እንቁላሉን ሰጠኋቸው። እናና ጨብጣ አገላበጠችው።

«አናቱ ላይ ያለው የትኛው ጫፍ ነው? ሾጠጥ ያለው ወይስ ወፍራሙ?»

ዘጠኝ ዓመት። በስንት ቋንቋ እንቁላል እንቁላል ስል ኖሬ፣ የቱ ጫፍ እንደሆነ አላውቅም። ታደለ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ሾጠጥ ያለው ብዬ ልለፈው? ማን ያየኛል?

«አላውቅም፤ አይቼው አላውቅም። ቆዪ ልየው» አልኩ። ወደ ኋላ ሄጄ ቀና አልኩ፣ ፀሐዩን በእጄ ከልዬ። «ወፍራሙ ነው። ሾጣጣው ጫፍ ግንቡ ውስጥ የተቀበረ ይመስላል።»

ታደለ ሳቀ። መምህሩ ጠቅ ጠቅ አደረገ። ረጅም ነበር ያኛው።

እቤት ስገባ እንቁላሉን ለድመቷ ሰጠሁ።

ዓርብ

አያ ሙሉነህ የመምህሩን የብሬል ወረቀት ዘቅዝቀው ይዘው ጠበቁኝ። «ይሄ ምን ይላል?» ይሉኛል እኔን! መምህሩ መጣና ተቀብሎ አቀናው፣ በጣቱ እየዳበሰ አነበበላቸው። ያስታወስኩትን ልጻፍ፦

ብዙ ታወራለች። (ታደለ «እህ» አለ።)

አንድ ጊዜ «እንዲህ» ብላ በእጇ አሳይታናለች። ወዲያው አርማለች።

ብዙ ቦታ አስጎብኝተውናል። የማታውቀውን አላውቅም ብላ፣ ሄዳ አይታ የመለሰችልን እሷ ብቻ ናት። ተማሪዎቹ ትናንት ማታ ግንቡን በጭቃ ሲሠሩ አመሹ። የስድስቱም ግንብ አናት ትክክል ነው።

«የመጨረሻዋን ድገምልኝ» አልኩት መምህሩን።

አያ ሙሉነህ መዝገቡን ከፈቱ። ስሜን ጻፉ። መጨረሻ ላይ፣ በእርሳስ።

«እስክሪብቶ ጠፋ እንዴ አያ?»

«ቆይ እስኪ፣ ሥራሽን እንየው።»

ስወጣ ታደለ ተከተለኝ። ትናንት ደብተሬ ላይ ስመለከት ያየውን የቃላት ዝርዝር እስኪ አሳዪኝ አለ፣ በቀልድ አስመስሎ። «መጀመሪያ እጅህን ከኋላህ አጣምርና በሩን ንገረኝ» አልኩት። አጣመረ። «በሩ... ከላይ...» ትከሻው ተነቃነቀ። «ከላይ እን...» ብሎ ቆመ።

ደብተሩን ሰጠሁት። ሰኞ ይመልሳል። ሰኞ ተራዬ ነው።

በእርሳስ መሆኑ ይቆጨኛል፣ አልዋሽም። ግን ተጽፏል። ላጲስ ይዞ የሚመጣውን እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ።