አትንኩት የተባለው ጉብታ

ውድ ቴዎፍሎስ፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ስለለመደ ነው እንጂ ዛሬስ አቃጥለኸኛል።

እሑድ ሽማግሌዎችህ አንኮበር ቤታችን መጡ። አጎትህ ጋሽ ባየው ደጃፍ ላይ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ፤ ደህና ጀመሩ። አባባ «ለመሆኑ የልጃችሁ ሥራ ምንድን ነው?» ሲሏቸው ግን ኮራ ብለው «አማዞን የሚባል ጫካ ውስጥ የጥንት ሰዎችን መቃብር ይቆፍራል» ብለውት አረፉ! ቄስ አባቴ ፊት! ምናለ አስቀድመህ ብታስጠናቸው?

ከጓዳ ሮጬ ወጣሁ። ወጉ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ? ጫካው ድሮም ባዶ እንዳልነበረ፣ ሰዎች መንገድ አውጥተው፣ ፍሬ ተክለው፣ ትልልቅ መንደር መሥርተው ይኖሩበት እንደነበር፣ አንተም የምትፈልገው የሸክላቸውን ስባሪና ያዳበሩትን ጥቁር አፈር እንደሆነ ስለፈልፍ አባባ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፣

«የልጅ ልጆቻቸው አሉ?» አሉኝ።

«አሉ፣ አባባ።»

«ታዲያ ፈቀዱለት?»

አየህ፣ እዚህ ላይ ነው ጉድ የሠራኸኝ። ባለፈው ስትደውል እዚያ ጫካው ውስጥ ያሉት የመንደሩ ሰዎች «ልትቆፍሩት ያላችሁት ጉብታ የአያቶቻችን ማረፊያ ነው፣ አትንኩት» ብለው አስቆሙን፣ የዓመት ሥራዬን ገደል ከተቱብኝ እያልክ ስታማርር አልነበረም? እኔም ሞኟ አብሬህ ተናደድኩ። በኋላስ ምን አደረግህ? ደጋግሜ ጽፌ ጠየቅሁህ፤ አንተ ስለ ዝናቡና ስለ ትንኙ ትተርክልኛለህ።

ለአባባ «ትቶታል» አልኳቸው። ሳላውቅ! ፊታቸው ወዲያው ፈታ አለ። ሽማግሌዎቹን አስቀመጧቸውና ለዳግማይ ትንሣኤ ቀጠሯቸው። «ልጁም ራሱ ይምጣና በአንደበቱ ይንገረኝ» አሉ። ጋሽ ባየው ደስታቸውን አልቻሉትም።

እኔ ግን ሰላም አጣሁ። እናቴ ያረፈችው እዚሁ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ የተማረ ሰው ከባሕር ማዶ መጥቶ «ለጥናት ነው» ቢለኝ፣ ድንጋይ አንስቼ ነበር የማባርረው። እነዚያ ሰዎች በትህትና ነው የለመኑህ። አንተ ደግሞ ለእኔ ከሰስካቸው።

እወድሃለሁ፤ እሱን አታጣውም። አሁን ግን ዝናቡን ተወውና መልስ ስጠኝ። ጉብታውን ካልነካኸው ቶሎ ና፤ አባባ ይጠብቁሃል፣ እኔም። ነክተኸው ከሆነ ግን ቲኬት እንዳትቆርጥ፤ ሽማግሌዎችህን እኔው ራሴ ደጃፍ ላይ ቆሜ እመልሳቸዋለሁ።

መልስህን የምትጠብቅ፣
ማርያማዊት