ሺህ ዋት በሀጀራ ሰርግ

ጥር 3 ቀን 2002

ገበያ፣ አቧራ፣ ያው መካነ ሰላም። ከጅዳ ያመጣሁትን ሆም ቴአትር ዛሬ ፈታሁት። ስድስት ስፒከር! ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» ይላል። የቪዲዮ ቤቱ ቢተው አይቶ ሳቀብኝ። የሱ አሮጌ አምፕሊፋየር ሁለት ስፒከር ነው ያለው፣ ለያንዳንዱ ስልሳ ዋት።

«ሺህና ስልሳ እኩል ነው እንዴ?» አልኩት።

«የሀጀራ ሰርግ ላይ እናያለን» አለኝ። ቅናት ነው... ሌላ ምን ይሆናል?

ጥር 4

እማ የጅዳውን ደላላ አነሳች። ቪዛሽን እየጨረሰልሽ ነው አለችኝ። ወላሂ አልመለስም! የሰው ወለል መፈተግ በቃኝ። የጎረቤታችን የሀጀራ ሰርግ ላይ ሙዚቃውን የማጫውተው እኔ ነኝ። ካማረ ሰው ሁሉ ይከራየኛል፣ እዚሁ እኖራለሁ። ካላማረስ? ካላማረማ ጅዳ ነው... ኧረ ያምራል!

ጥር 9

ሰርጉ ነገ ነው!

ጥር 10

ጉድ ሆንኩ።

ለሁሉም ይዳረስ ብዬ ስፒከሮቹን በየቦታው አደልኳቸው። መሀለኛውን ለወንዶች ዳስ፣ የኋላዎቹን ለሴቶች ዳስ፣ ግድንግዱን ለወጥ ቤት፣ የቀሩትን በር ላይ። ዳቦ ነው እንዴ የሚታደለው? ለካ ማሽኑ ለፊልም ብሎ ድምፁን ከፋፍሎ ነው የሚልከው! ወንዶቹ ጋ ዘፋኙ ብቻውን ያላዝናል። ሴቶቹ ጋ የገደል ማሚቶ። ወጥ ቤት ድም ድም። ከበሮው በር ላይ ለታሰሩት በቅሎዎች ደረሰ።

«ፈይዛ፣ ዘፋኙ የት ሄደ?» ሴቶቹ።

«ከበሮውስ?» ወንዶቹ።

የሀጀራ አባት ጋሽ አበጋዝ መጡ። «ልጄ፣ አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም?» ያ ረቢ! ደንግጬ ድምፁን ብጨምረው ማሽኑ ጭራሽ ጭጭ አለ።

ቢተው የራሱን ተሸክሞ መጣ። ስልሳው ዋት ሁለቱንም ዳስ አናወጠው! ሀጀራ በሙሽርነቷ ብድግ ብላ ጨፈረች። እኔም እያለቀስኩ ጨፈርኩ።

ጥር 12

ቢተው ጋ ሄድኩ። ልጣላው ነበር...

«አብሽሪ» አለኝ። «ካርቶኑ ላይ ያለው ሺህ የስድስቱ ድምር ነው፣ እሱንም ለአፍታ ብቻ ነው የሚችለው። የኔ ስልሳ ግን ቀኑን ሙሉ ስልሳ ነው።»

«ታዲያ የኔው ምን ይሠራል? ይጣል?»

እስቲ ብለን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ገጠምነው። ስፒከሮቹ በአራቱም ማዕዘን፣ ፊልሙ ተከፈተ... ሄሊኮፕተሩ ከኋላችን ሲመጣ ቢተው አንገቱን ቀበረ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ይሄንንስ የኔው በምን አቅሙ!» አለ ዓይኑ ፈጦ።

እዚያው ተቀያየርን። የኔው ለቪዲዮ ቤቱ፣ የሱ ከኔ ጋር ለሰርግ። እማ አላመነችም... ሰው ይጠራሽ ይሆን አለች። እኔም ፈራ ተባ እያልኩ ነው።

ጥር 26

ሰርግ ተጠርቼ አቀስታ ነኝ። እጅ የሚያቆራምድ ብርድ፣ ዳሱ ግን ግሏል! ሰው ተጋፍቶ መቆሚያ የለም። ጭፈራው መሀል ስልኬ ጠራ። ደላላው ነው።

«ቪዛሽ ወጥቷል! መቼ ነው የምትመጪው?»

ሰምቼዋለሁ። ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁት።

«አይሰማኝም!» አልኩት። «ሥራ ላይ ነኝ!»

ዘጋሁትና ድምፁን ጨመርኩት።