ኦስታድ ሞኽሌሱር ሞንዶል አርፈዋል፤ ጭነቱ ግን ገና አልወረደም

ከሲታኩንዳ የክሬን ምልክት ሰጪዎችና ጭነት አሳሪዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት

ለማኅበሩ አባላት፣ ለመርከብ አፍራሽ ሠራተኞችና በዚህ ሰዓት በባሕሩ ዳር ለቆማችሁ ሁሉ

የማኅበራችን ምክትል ሰብሳቢና የምልክት ሰጪዎች አሠልጣኝ ኦስታድ ሞኽሌሱር ሞንዶል ዛሬ ረፋድ ላይ በሥራ ገበታቸው ላይ ሳሉ በደረሰ አደጋ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ የተሰማውን መሪር ሐዘን ይገልጻል። እንዲህ ያለ መግለጫ ረጋ ተብሎ የሚጻፍ ነበር፤ እኛ ግን ልባችን ተሰቅሎ ነው የምንጽፈው።

የሚፈርሰው መርከብ የጎን ብረት በክሬን እየወረደ ሳለ አንደኛው ሰንሰለት ተበጠሰ። ኦስታድ ወዲያው ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው ሁሉም ባለበት እንዲቆም ምልክት ሰጡ። ከሥር የነበሩት ሠራተኞች ሮጠው ወጡ። እሳቸው አልሮጡም፤ ዞር ቢሉ የክሬኑ ኦፕሬተር የሚያየው ሰው አይኖርም ነበርና። ከጭነቱ የተገነጠለው ብረት የመታቸው ያን ጊዜ ነው።

ኦስታድ እ.ኤ.አ. በ1999 ወንዝ የቤታቸውን መሬት ስለበላባቸው ከሰሜን፣ ከኩሪግራም፣ ተነሥተው ወደዚህ መጡ። ሥራ የጀመሩት በብረት ተሸካሚነት ነው።

በ2006 የሰሜኑና የዚህ የቻትጋው አገር ሰው አነጋገር አልገጥም ብሎ ሥራው ሁሉ ጩኸት በሆነበት ወቅት፣ “አፍ ይዘጋ፣ እጅ ይናገር” ብለው ዛሬ የምንሠራባቸውን ምልክቶች አስተማሩ፤ “ኦስታድ”፣ ማለትም መምህር፣ ያሰኛቸውም ይኸው ነው።

በ2013 ደንባችንን አስጸደቁ። “ቁም” ማንም ይበል፤ “ተንቀሳቀስ” የሚለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያቆመውም ራሱ ያስቀጥላል። ምልክት ላይ ሳሉ ለሰላምታ እንኳ እጃቸውን አያነሡም ነበር። የግቢው ባለቤት ቅር ቢሰኙ፣ “ሳሄብ፣ ጌታዬ፣ እጄ ሥራ ላይ ነው፤ ለአሁኑ የአንገት ሰላምታ ይብቃዎት” ብለዋቸው በሳቅ አልፏል።

ዛሬ የጨነቀን ይኸው ነው። ያቆሙት ሰው የሉም። ብረቱ በቀሩት ሰንሰለቶች ተንጠልጥሏል፤ ኦፕሬተሩ ኦቢናሽ ቦሩዋም ጭነት አንጠልጥለው መውረድ ስለማይችሉ አሁንም ክሬኑ ላይ ናቸው። ከብረቱ ሥር ያለው አይታያቸውም። አደጋው ሲደርስ ደግሞ ሁላችን፣ የማኅበሩ አመራር ጭምር፣ ደንግጠን እጃችንን ማወናጨፍ ያዝን፤ አንዱ አውርድ፣ አንዱ አንሣ። ኦቢናሽ በስልክ ያሉትን እንዳለ እናቀርባለን፦ “የእጅ ጫካ ነው የሚታየኝ! የማንን ልስማ? ያቆመኝ ኦስታድ ነው፤ እሱ የት ሄደ?” እውነቱን የነገሯቸው የኦስታድ ተማሪ ጆሲም ሞላ ናቸው። ኦቢናሽም፣ “እንግዲያው አንድ እጅ ስጡኝ፣ ወንድሜ” አሉ።

ስለሆነም ማኅበሩ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ጆሲም ሞላን ብቸኛ ምልክት ሰጪ አድርጎ ሰይሟል። ገና ተማሪ ናቸው፤ አንደብቅም። ሌላ ሰው ግን የለንም። ባሕሩ ሲመለስ ክሬኑ የቆመበትን ጭቃ ያላላዋል፤ ውኃው ደግሞ መነሣት ጀምሯል። ጆሲም የሚቆሙት አሸዋ ክምሩ ላይ ስለሆነ በፊታቸው ያላችሁ ባካችሁ ዞር በሉ። አደጋ አይቶ “ቁም” ከሚል ሰው በቀር ማንም እጁን አያንሣ፤ ሁላችሁም እጃችሁን ከኋላችሁ ያዙ። ደረት አትምቱ። ዱዓም ቢሆን እጅ ሳታነሡ አድርጉ፤ አላህ የልብን ይሰማል።

ማኅበሩ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሻሄራ ኻቱን፣ ለሴት ልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል፤ ኦስታድን አላህ ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቃቸው።

ስለ ቀብሩ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ወይዘሮ ሻሄራ እንዲህ አሉን፦ “ሬሳ እንደማይቆይ ጠፋኝ እንዴ? ግን ባሌ ያቆመውን ሰው እዚያ ላይ ጥሎ አይሄድም። አውርዱትና አብሯችሁ ይሸከመው።”

በመሆኑም የቀብር ሰዓት አልቆረጥንም። ጀናዛው የሚነሣው የኦቢናሽ እግር መሬት ሲረግጥ ነው።